ወይዘሮ ማሚቱ መጥተዋል፤ እርስዎስ?

እማዋይሽ ባነሩን እንደ ጋቢ አጣጥፋ በብብቷ ይዛ ስትመጣ፣ ልብስ ሰፊው ቢያድግልኝ አፉን በስፒል ሞልቶ የአንድ ተማሪ ሱሪ ያሳጥር ነበር። ቦታው ፍኖተ ሰላም ነው፣ ካሮጌው መናኸሪያ በታች፣ አዲስ የተከፈተው ትልቁ የቤት ዕቃ መደብር በረንዳ ላይ። ቢያድግልኝ በረንዳውን የተከራየው ከባለመደብሩ ነው። ባለመደብሩ ደግሞ ከበረንዳው ሦስት እርምጃ ገባ ብሎ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ነው ውሎው። ስሙን እሷ ያን ቀን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራችውም፤ እኛም ብንተወው ይሻላል።

ከመደብሩ ደጃፍ የቆመው ሞንታርቦ እንደ ልማዱ ይለፈልፋል። መጀመሪያ ጥሩንባ ይነፋል፣ የዕድር ጥሩንባ። ቀጥሎ አንድ ወፍራም ድምፅ «ወይዘሮ ማሚቱ መጥተዋል፤ እርስዎስ?» ይላል። ከዚያ ፍራሽ፣ ቡፌ፣ ብርድ ልብስ፣ ታላቅ ቅናሽ። ከዚያ እንደገና ጥሩንባ።

ወይዘሮ ማሚቱ የእማዋይሽ እናት ናቸው። ከሞቱ ነገ አርባ ቀናቸው ነው።

እማዋይሽ ጥቁር ልብሷን ለብሳ ከቤቷ ስትወጣ አንድ ነገር ቆርጣ ነው የወጣችው። ያ ሰው መጋረጃውን ገልጦ ወጥቶ «ጥፋቱ የኔ ነው» ካለ፣ ነገም መጥቶ ከአርባው ላይ ቁጭ ካለ፣ ይቅር ልትለው። ሽማግሌ መላክ የነበረበት እሱ ነው፤ አልላከም። ተሳድባ አታስወጣው፣ ሐዘንተኛ ናት። ተለማምጣ አታስወጣው፣ የተበደለች እሷ ናት። የቀራት አንድ መንገድ አሽሙር ነው፤ ያን መንገድ ደግሞ ጎጃም ውስጥ የማያውቀው ሰው የለም።

«እንደምን አረፈድክ፣ ቢያድግልኝ ወንድሜ? … ኧረ አትነሳ፣ ማርያምን። ስፒሉን ውጠህ ሌላ ጥሩንባ እንዳታስነፋብን። … ቤተሰብ ደህና? ያ ጥርስህስ ተነቀለልህ? እሰይ። ዘንድሮ እኮ ዝናቡ ቀድሞ ገባ። በቡሬ በኩል በረዶ ወርዶ የበቆሎውን ቡቃያ አነካክቶታል አሉ። እዚህ ግን ተመስገን ነው፤ ጭቃው ብቻ ነው። ጭቃ ደግሞ ጫማ እንጅ ስም አያቆሽሽ፣ ምን ይላል።

አላቆይህም። ይችን ጠርዟን እንድትዘመዝምልኝ ነው። ነፋስ ጎትቶ ከዚህ ጥግ ቀደዳት። የሰው ዕቃ ናት እኮ። የሰው ዕቃ ተቀዶ ሲመለስ ነውር አይደለም? እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የተዋሰችውን ወንፊት እንኳ አጥባ ነበር የምትመልስ። እኔም ያው የእሷ ልጅ ነኝ። ዘምዝመን፣ አጥበን፣ አመስግነን ብንመልስ ምን ይለናል?»

ባነሩን ከስፌት መኪናው ላይ ዘረጋችው። ቀይና ቢጫ ነው። ከላይ «ኑ! ሳያልቅ ይድረሱ!» ይላል። ከታች ኮፍያ ያደረጉ አንዲት ባልቴት ያለቅሳሉ፤ ከፊታቸው ሥር «የደስታ እንባ» ተብሎ ተጽፏል። ቢያድግልኝ ፔዳሉን አቆመ። ፎቶውን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ወደ መጋረጃው ሰረቅ አድርጎ ተመለከተ። የበረንዳ ተከራይ ስፒል ባፉ መያዙ አንዳንዴ ይበጀዋል።

«ምን ታያለህ? ታምራለች አይደል? እኔ ልጇ ሆኜ እንኳ እንዲህ ያለ ፎቶ አላነሳኋትም። የሚችል ሰው ሲያነሳህ እንዲህ ነው። …

እኔ የምልህ፣ ሰው ግን ይህን ጥበብ ከየት ያመጣዋል? የአዲስ አበባውን ማስታወቂያ በቴሌቪዥን አያለሁ። አንዲት ልጅ ሳሙና ይዛ ትስቃለች። ባሏ ገብቶ ሸሚዙን ያይና ይስቃል። ሕፃኑም ይስቃል። እስቲ በሞቴ፣ እዚህ ሀገር ልብስ እያጠበ የሚስቅ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ውሃው ከመጣ አይደል የሚሳቀው? ሀገሩን አያውቁትማ። የኛው ጥበበኛ ግን ያውቀዋል። ‹ይህ ሕዝብ በምን ይወጣል?› ብሎ አሰበ። ለሰርግ ቢጠሩት ‹ጥሪው ዘገየብኝ› ብሎ አኩርፎ ይቀራል። ለስብሰባ ቢጠሩት በሬው ይጠፋበታል። ለለቅሶ ግን … ለለቅሶ የተጣላም ይመጣል። የታመመም ተደግፎ ይመጣል። እጇ ሊጥ ውስጥ ያለ ሴት ሊጡን ሳታራግፍ ትመጣለች። እንግዲህ ይህን ያየ ሰው ምን ያደርጋል? እኔና አንተ ብንሆን ‹ተመስገን፣ ወገን አለን› ብለን እንተኛለን። ሞኞች ነና። እሱ ግን … ይኸ ሁሉ ሕዝብ እንዲያው በከንቱ፣ ለሬሳ ብቻ?»

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። መደብሩ የተመረቀ ዕለት ባለመደብሩ የሰፈሩን ዕድር አነጋግሮ ጥሩንባውን ከነነፊው፣ ከአያ ዘሩ ጋር ተከራየ። የዕድሩ ዳኛም «ንብረት ቁጭ ከሚል ገቢ ያምጣ» ብሎ ፈቀደ። አያ ዘሩ ጎህ ሲቀድ ነፋ። ሰፈሩ ነጠላና ጋቢውን አዘቅዝቆ፣ «ማን ነው? ማን ነው?» እያለ ጎረፈ። ቢደርስ ፊኛ፣ ዘፈንና የፕላስቲክ ጆግ ጠበቀው። መጀመሪያ ሁሉም ክው አለ። ከዚያ አንዱ ሳቀ፤ ሁሉም ሳቀ፤ ሁሉም ተሰለፈ። ወይዘሮ ማሚቱ ጆሯቸው ደከም ያለ ስለነበር ዘፈኑን አልሰሙም። በምርኩዛቸው ሕዝቡን ሰንጥቀው «ወየው፣ የማን ልጅ ነው?» እያሉ ደረታቸውን ሲመቱ ኮፍያ ተደረገላቸው፣ ፎቶም ተነሡ። እንባቸውን ባለመደብሩ ሳይጠይቃቸው ወሰደባቸው።

«እናቴ እኮ ስልሳ ዓመት ሙሉ ጥሩንባ ሰምታ ቀርታ አታውቅም። ያን ቀንም አልቀረች። ቤት ስትገባ ምን አለችኝ መሰለህ? ‹ልጄ፣ የሞተው ማን እንደሆነ እንኳ አልነገሩኝም። ቤተሰቡ ግን ደግ ነው፤ ለቀስተኛውን ሁሉ ኮፍያ አለበሰ› አለችኝ። … እኔም ሳቅኩ። ምን ይደረግ፣ እጄ ላይ ጆግ ነበራ።»

አሽሙር ሲሄድ ሲሄድ አንዳንዴ ዞሮ ተናጋሪውን ይወጋል። ያ ጆግ አሁንም ከቤቷ አለ፣ ውሃ ትቀዳበታለች። የእናቷ ፎቶ ከአደባባዩ የተሰቀለ ዕለት ደግሞ ጎረቤቶቿን ጠርታ ወስዳ አሳይታለች። ኮርታ ነበር። ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳት ይኸው ነው፤ በእናቷ እንባ መኩራቷ። ይህን ስታስታውስ ድምፅዋ ከፍ አለ።

«ለነገሩ ገዛን እኮ። ማን ያልገዛ አለ? ቡፌ ገዛን። ብርጭቆ ደረደርንበት። እንግዳ ሲመጣ ግን በጣሳ ነው የምንሰጠው፤ ብርጭቆው ይታያል እንጅ አይነካም። ‹የዱባይ ነው› አለን፣ አመንን። ዱባይን ያየ አለ? የለም። ሰሞኑን የሐዋርያት ጾም ሲገባ ደግሞ ‹የጾም ሳሙና መጥቷል› አለ። ተሰልፎ የገዛው ብዛቱ! ሳሙናን ማን ሊበላው ነው ብሎ የጠየቀ አለ? … ሰውዬው እኮ ዕቃውን አይደለም የለጠፈው፣ እኛን ነው። መስተዋት ነው በለው። መስተዋት ደግሞ አይዋሽም። የሚሸጥ መስተዋት ግን ትንሽ ያሳምራል መሰለኝ። …

የጥሩንባው ነገር በዚያው በአንድ ቀን ቢቀርስ ኖሮ? አይ፣ ጥበብን ለአንድ ቀን ብቻ የሚያወጣት ማን ነው? በፍላሽ ቀድቶ አስቀመጠውና ይኸው። ጧት ጥሩንባ፣ ቀትር ጥሩንባ፣ የገበያ ቀንማ አይነሳ። የእናቴንም ስም ጨመረበት። ልጆቹ ኳስ ሲጫወቱ ‹ወይዘሮ ማሚቱ መጥተዋል› ይላሉ፤ ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ ሲገናኙ ‹እርስዎስ?› ይባባላሉ። እናቴ በስተርጅና ዝነኛ ሆነች፤ ምን ቀረባት? ሞተችና ደግሞ ይኸው አርባ ቀን ሙሉ ‹መጥተዋል› ይላል። … ሄዳለች ብሎ የነገረው ሰው የለም እንዴ፣ ቢያድግልኝ?»

ሞንታርቦው ድንገት ዝም አለ። ጥሩንባው መሐል ላይ ተቆረጠ።

እማዋይሽ ዞር ብላ አየች። ከመጋረጃው ሥር አንድ ጥንድ የሚያብረቀርቅ ጫማ ይታያል፤ ጭቃ ያልነካው፣ ጫፉ ወደ ውጭ የዞረ። አሁን ይወጣል አለች በሆዷ። ቢወጣ የምትለውን ሁሉ ረሳችው፤ እግሩ ላይ ወድቃ የምታለቅስ ሁሉ መሰላት። ጫማው ግን አልተነቃነቀም።

«ምነው፣ መብራት ጠፋ እንዴ? … አይ፣ ያንተ አምፖል በርቷል። እንግዲህ ጥሩንባው ደክሞት ይሆናል። ይረፍ፤ ብዙ ሠርቷል።

እንግዲያው ዝምታ ሳለ ልንገርህ፣ አንተ ባታጣውም። ለቀባሪ አረዱት እንዳይሆንብኝ እንጅ። … እናቴ ያረፈች ዕለት አያ ዘሩ፣ ምስኪን፣ ወጥቶ ነፋ። ‹ወይዘሮ ማሚቱ …› ብሎ ከመጀመሩ፣ ከአጥር ማዶ ያለው ጎረቤቴ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ‹መጥተዋል፤ እርስዎስ?› ብሎ ጨረሰለትና ወደ ግድግዳው ዞረ። ሚስቱ ናት ኋላ እያለቀሰች የነገረችኝ። ብርድ ልብሱም ከዚሁ የተገዛ ነው፤ ይሞቃል አሉ። አንዱ ‹ዛሬ ደግሞ ምን ቀንሶ ነው?› አለ። አንዷ ጆግ ልትቀበል ሮጣ ወጣች። አልፈርድባትም፣ ባለፈው ያልደረሳት ናት። አያ ዘሩ ሰፈሩን ሦስት ጊዜ ዞረው። ‹የዛሬው እውነት ነው፣ የዛሬው እውነት ነው› እያለ። ጥሩንባ ነፊ ‹እውነት ነው› ብሎ ሲለምን ሰምተህ ታውቃለህ? እሱንም ቢሆን አዲስ ማስታወቂያ ነው ብለው ሳቁለት። ‹የሰማህ ላልሰማ አሰማ› ይባል ነበር ዱሮ። አሁን ያልሰማ የለም … ሁሉም ሰምቶ ተኛ።

ድንኳን ብንል ድንኳን የለም። ለካ የዕድሩ ድንኳን ለመደብሩ የቅናሽ ሳምንት ተከራይቷል። አንተ ነህ፣ እግዜር ይስጥህ፣ ይችን ከአደባባዩ አውርደህ ካራት እንጨት ላይ አስረህ ጥላ ያደረግክልን። ቀን ሙሉ ሲጮህብህ ስለሚውል፣ የፍላሹን ጥሩንባና የአያ ዘሩን ትንፋሽ የምትለየው አንተ ብቻ ነህና መጣህ። ከቡሬ የአክስቴ ልጆች፣ እነዚያ የአዊ ወገኖቻችን፣ በስልክ ሰምተው ደረሱ። ከአጥር ማዶ ያለው አልደረሰም። ቃሬዛውን ስምንት ሰው ያለ ቅያሪ ተሸክሞ ሚካኤል አደረሳት። እሷ ያስቀበረቻቸው ተነሥተው ቢመጡ እኮ መንገዱ ባልበቃ።

ከቀብር ስንመለስ ከዚች ሥር ተቀመጥን። ከራሳችን በላይ ‹ኑ! ሳያልቅ ይድረሱ!› ይላል። እኛ ሳያልቅ የደረስነው ዐሥራ አንድ ነን። እሷም ከላይ ኮፍያዋን አድርጋ ታለቅስልናለች። ለራሷ ለቅሶ እንኳ ከሰው ቀድማ የተገኘች እሷ ናት። … ወይዘሮ ማሚቱ መጥተዋል። ሰውዬው መቼ ዋሸ?»

የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ አነሳችና መለሰችው። አልቅሳ ልታስወጣው አልመጣችም። ቢያድግልኝ ግን ስፒሎቹን አንድ በአንድ ካፉ እያወጣ ከሱሪው ላይ ይሰካ ጀመር፤ ዓይኑን ቀና አላደረገም።

«ደግሞ ረስቶናል እንዳትል። አልረሳንም። በሠልስቱ ነው መሰለኝ፣ የልጄ ልጅ ስልኳን አምጥታ አሳየችኝ። ‹የመደብራችን ቤተሰብ በሆኑት በወይዘሮ ማሚቱ ዕረፍት የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን› ይላል። ሻማ አለበት፣ አበባ አለበት። እናቴ ይህን ያህል ዘመድ እንዳላት አላውቅም ነበር። ከሥር ደግሞ ስልክ ቁጥር አለ … ‹ለበለጠ መረጃ› ይላል። ቢያድግልኝ፣ እስቲ አንተ ንገረኝ፤ ሰው ከሞተ በኋላ የበለጠው መረጃ ምንድን ነው? ደውዬ ልጠይቅ አሰብኩና ተውኩት። ሥራ ይበዛባቸዋል ብዬ። ሐዘን ለመግለጽ ከዚህ እኛ ቤት ድረስ ስንት እርምጃ ነው? አታውቀውም? እሱም አላወቀውም።»

ጫማው ተነቃነቀ። አንድ እርምጃ ነው የተራመደው፣ ወደ ኋላ። ከዚያ የወንበር ድምፅ ተሰማ። ሰውዬው ተቀምጧል።

ለካ አይወጣም። ይህን ስታውቅ ንዴቱ እንኳ አልቀረላትም። ነጠላዋን አስተካከለች። ድምፅዋ ለታናሽ እህት የሚናገር ሰው ያህል ለስልሶ ወጣ።

«በል፣ ሰው አማሁ መሰለኝ። ኧረ አላማሁም፤ ሳመሰግን ነው ያረፈድኩት። ከሞቱ አሟሟቱ ይሉ ነበር አባቶች። አሁን ከሽያጩ አሻሻጡ ሆነ፤ ዘመን ነው። …

ነገ አርባዋ ነው። ጥሩንባ አላስነፋም። ከዚህ ተነሥቼ በየቤቱ ልዞር ነው፤ ከየደጁ ቆሜ ‹የእናቴ አርባ ነው፣ እውነት ነው› እያልኩ። የሚመጣ ይመጣል። አንተ ና። አያ ዘሩም ይመጣል። ጥሩንባውን ለዕድሩ መልሶ አስረክቧል፣ ሰማህ? ‹የማያስወጣ ጥሩንባ ላፌ ነው ለጉሮሮዬ?› ብሎ። ሰው ሲሞት ከእንግዲህ በምን እንደምንሰማ እንጃ። ጥበበኛ አናጣም፤ አንድ ነገር ይፈጥርልናል።

ባነሯን በድርብ ስፋት። ጠንካራ ክር አግባባት፣ ፀሐይና ዝናብ የማይበጥሰው። ስትጨርስ እንዲህ እጠፍና ለባለቤቷ ስጥልኝ። መቼም ሩቅ አይደለም፣ ታገኘዋለህ። ‹አውሰኸን ነበር፣ ተጠልለንባታል፣ አመስግናሃለች› በልልኝ። ‹ደህና ቦታ አስቀምጣት፤ ድንኳን የሚታጣበት ቀን ለማንም አለ› ብላሃለች በል። …

እንግዲህ ልሂድ። የማሚቱ ልጅ ነኝና ሳልመርቅ አልወጣም። እግዜር ዕድሜ ከጤና ይስጠው። ደጁ ገበያተኛ አይጣ። ጎተራው ይሙላ፣ ቅናሹ ይባረክ፣ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ ያብቃለት። ሸብቶ፣ ጠግቦ፣ የልጅ ልጁን ስሞ፣ ቀኑ የደረሰ ዕለት ደግሞ … ጥሩንባው ሲነፋለት፣ የሰማው ሁሉ እውነት መስሎት ይውጣለት።»